ዓይን እንጂ ትከሻ የሌለው ሰፈር

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ወሬውን የሚያወጣው የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ተከናንቦ በየመታጠፊያው እየቆመ ይነፋል፤ ከዚያ የሟችን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይለፍፋል። ድምፁ እንቅልፍ ይቀማል፤ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያስጮኻል። ይሁን እንጂ አንድ የማይጥሰው ደንብ ነበረው፤ የሟች ቤተሰብ ሳይረዳ ጡሩምባው ከንፈሩን አይነካም።

ጡሩምባ ነፊው ዛሬም አለ። ነገር ግን እሱ ጋቢውን ፈልጎ፣ ጫማውን አጥልቆ እስኪወጣ ድረስ ወሬው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ፣ መቶ ሰው አልቅሶበት፣ ጥቂቱ ደግሞ ጣቱ አዳልጦት የሳቅ ምልክት ተጭኖበት ያድራል።

ይህን እንደ ቀልድ ብቻ የሚያየው ካለ መርዶ ምን እንደሆነ ረስቶታል ማለት ነው። መርዶ በአገራችን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አባቱ የሞተበት ሰው ወሬውን እንደ ዳቦ ዋጋ መጨመር ከመንገደኛ አይሰማም። መጀመሪያ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይመክራል። ማን እንደሚናገር ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ረጋ ያለ፣ አፉ የማይቸኩል ትልቅ ሰው ነው። ባለ ሐዘኑ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለበት መድኃኒቱን መውሰዱ በዘዴ ይጣራል። ማታ አይነገርም፤ ሌሊቱ ረጅም ነው። ማለዳ ላይ፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጁ ላይ ይቆማል። በሩን ሲከፍት የሚይዙት እጆች አጠገቡ አሉ። ቢወድቅ የሚወድቀው ሰው ላይ ነው።

ሥርዓቱ ባሕር ተሻግሮም አልሞተም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን የጓደኛቸውን እናት ሞት ከአገር ቤት ሲሰሙ ጉዳዩን ቀናት ደብቀው ይይዙታል። ቅዳሜ ወይም እሑድ ይጠበቃል፤ ሰው ሁሉ ከሥራ የሚያርፍበት ቀን። ምግቡ በየቤቱ ይዘጋጃል፤ ውኃና ለስላሳው መኪና ላይ ይጫናል፤ ከዚያ በጠዋት በሩ ይንኳኳል። በዚያ አገር ሳይደውል የሚመጣ ሰው የለምና በሩ ሲንኳኳ ገና ግማሹ መርዶ ተነግሯል።

አሁን ግን በመካከል አንድ ወጣት ገባ። ሟችን ምናልባት ሁለት ጊዜ ሰርግ ላይ አግኝቷቸው ይሆናል። ሬሳው ከሆስፒታል ሳይወጣ ፎቷቸውን ከሚነድ ሻማ ሥዕል ጋር አያይዞ ይለጥፋል። «አመመኝ! እትዬ እንዲህ በአጭሩ? ነፍስ ይማር!» ይላል። እትዬ የሰማንያ ዓመት ባልቴት ናቸው። ከዚያም ጨዋ ነውና ቤተሰቡን ታግ ማድረጉን አይረሳም። ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ናት። በእረፍት ሰዓቷ፣ በዕቃ ማከማቻው ጓዳ፣ ለብቻዋ ምሳዋን እየበላች ሳለ ስልኳ ይጮኻል። ከፍታ ታያለች።

ይህን የሚያስቅ አድርጎ መጻፍ አይቻልም፤ አልሞክረውምም።

የሚያስቀውን ከፈለጋችሁ ወደ ሰፈራችን ዕድር ልመልሳችሁ። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ መዝገባቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይይዛሉ። ቀብር ያልወጣ ይቀጣል፤ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘም እንዲሁ። አንድ እሑድ ቅጣት የተቆረጠበት ወጣት ስልኩን አውጥቶ ቀረባቸው።

«ጋሼ፣ ይኸው በዕለቱ ሐዘኔን ገልጫለሁ። ሰዓቱ ሁሉ አለበት።»

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡ። «‹ነፍስ ይማር› ብለሃል።»

«አዎ ጋሼ። ለልጃቸውም ለብቻው ኢንቦክስ አድርጌያለሁ።»

«እሰየው። ሬሳውን ማን ተሸከመው ታዲያ?»

«እሱማ... ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ልጄ፣ አንተ ቅጣቱን ክፈል፤ እኔም ደረሰኙ ላይ ላይክ አደርግልሃለሁ።»

ከፈለ። እኔ ግን ነገሩ በዚህ ባያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሮቻችን መተዳደሪያ ደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ምን አለበት? «የሟች ቤተሰብ ሳይረዳ የሟችን ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ የለጠፈ አባል ድንኳን ሳይተክል ከቀረ አባል እኩል ይቀጣል።» እኔ በእጥፍ ቢሆን ነው የምመርጠው፤ ነገር ግን ለመጀመሪያው ዓመት አይብዛበት።

ለመሆኑ የእትዬን ፎቶ የለጠፈውን ያን ወጣት ምን አስቸኮለው? ክፉ ሰው አይደለም። ዳቦ ተሰልፎ ቢያገኛችሁ ቦታውን ይለቅላችኋል። የቸኮለው ቀድሞ የለጠፈን ብዙ ሰው ስለሚያየው ነው። ከእሱ በኋላ አምስት ሰው ከለጠፈ የእሱ ሐዘን አርጅቷል። ልቅሶ ቀድሞ የደረሰ ሰው ድሮም ይመሰገን ነበር፤ ነገር ግን ቀድሞ የደረሰው ውኃ ይቀዳል፣ ወንበር ይለምናል፣ ድስት ይሸከማል። አሁን ቀድሞ የደረሰው የሚሸከመው ስልኩን ብቻ ነው። ደግሞ ሁሉም በቁጥር ተጽፎ ከፎቶው ሥር ይታያል።

ቁጥሩ ከየት መጣ ካላችሁ ልንገራችሁ። ፌስቡክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን የላይክ ቁልፍ የወጣው በ2009 ነው። በመሃል ላሉት አምስት ዓመታት ሰዎች ያለዚያ አውራ ጣት ኖረዋል፤ አንድም ሰው በዚህ ምክንያት ሆስፒታል አልገባም። ቁልፉን ከሠሩት አንዱ ጀስቲን ሮዘንስታይን ይባላል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2017 ለጋዜጣ ሲናገር አዲስ ስልክ ገዝቶ ምን እንዳደረገ ገልጿል፤ ወላጆች የልጆቻቸውን ስልክ በሚቆልፉበት ዘዴ የራሱን ስልክ በረዳቱ አስቆለፈው፤ አዲስ መተግበሪያ ማውረድ እንዳይችል። የጠላ ነጋዴዋ የራሷን ጠላ አልቀምስም ስትል ገበያተኛው ምን ማሰብ እንዳለበት ለእናንተ እተዋለሁ።

ሌላው አዛ ራስኪን ነው። ጣታችን ወደ ላይ በገፋ ቁጥር ገጹ ሳያልቅ አዲስ ነገር የሚያመጣበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 የቀየሰው እሱ ነው፤ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቷል። ይህን ዘዴ አሜሪካኖቹ እንደ አዲስ ግኝት ያዩታል። ዓውደ ዓመት የእኛ አገር ሴት ወይዘሮ ቤት ገብቶ የወጣ ግን ያውቀዋል። ሳህኑን ልትጨርሱ ስትሉ ይሞላል። «በቃኝ» ስትሉ «በሞቴ!» ትላለች። ልዩነቱ ወይዘሮዋ በስተመጨረሻ እጇን ታጥባ ቡና ታፈላለች። ስልኩ እጁን አይታጠብም።

ቁጥሩ ጠባያችን ላይ ያመጣውን ለማየት ልደትን ተመልከቱ። የእኔ እኩዮች ልደት የሚባለውን ነገር በቅጡ ያወቅነው ከፌስቡክ ነው። እናቴን መቼ እንደተወለድኩ ስጠይቃት «የመስቀል ደመራ ሲለኮስ ምጡ ጀመረኝ» ትላለች። ዓመቱን ስጠይቃት ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ ትጠቅሳለች። እኔ ይበቃኝ ነበር፤ ፌስቡክ ግን ድልድይ አይቀበልም። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ይላል፤ ያውም በፈረንጅ። በዚህ የተነሳ በ1975 የተወለደ ጎረቤቴ «1975» ብሎ አስገብቶ በአንድ ሌሊት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቷል። ሚስቱ እስከ ዛሬ ትጠረጥረዋለች። በስደት የወጡት ዘመዶቻችን ደግሞ ልደታቸውን ሲጠየቁ የማያውቁ ብዙዎች ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎላቸዋል፤ ስለዚህ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ፌስቡክ ግማሹን ዘመዴን በአንድ ጠዋት ይወልደዋል። «ዛሬ የእነ እከሌና የሌሎች ልደት ነው» ይለኛል። ሁሉም ያኮርፋሉ ብዬ ለሁሉም «መልካም ልደት» እጽፋለሁ።

ማኩረፉ ደግሞ ቀልድ አይደለም። አንዲት የሥጋ ዘመዴ ልጇ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ምርቃቱ ላይ ተገኝቻለሁ፤ ስጦታ ይዤ፣ ጠጅ ጠጥቼ፣ ሁለት ጭብጥ ፈንዲሻ ራሴ ላይ ተበትኖብኝ ወጥቻለሁ። ከሳምንት በኋላ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። ነገሩን በሰው ሳስጠይቅ «ፎቶውን አይቶ ላይክ ሳያደርግ አለፈ» አለች። ሄጃለሁ እኮ! ፎቶው ላይ እኔ ራሴ አለሁ፤ ከኬኩ በስተ ግራ፣ አፌ ሞልቶ። «መምጣቱንማ መጥቷል» አለች ለመልእክተኛው፤ «ግን ሰው ምን ያያል?»

በዚህ መልስ ላይ ብዙ አሰብኩ። መምጣቴን እሷ አይታለች፤ ልጇ አይታለች፤ ድግስ ላይ የነበረው ሁሉ አይቷል። ታዲያ «ሰው» የሚባለው ማን ነው? የማታውቀውና የማያውቃት ሕዝብ ነው። ደስታዋን የሚያጸድቅላት እሱ ሆኗል።

ሰው ፊት አምሮ መታየት መፈለግ ዛሬ አልተጀመረም፤ ይህን ለወጣቶቹ ስል መመስከር አለብኝ። ድሮ ፎቶ ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ ኮትና ከረባት ተሰቅሎ ይጠብቀናል። ከኋላ ፏፏቴ ወይም አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃ አለ። በባዶ እግሩ የመጣው ከወገቡ በላይ ይነሳል። ፎቶው ተጣጥፎ በፖስታ ወደ ገጠር ይላካል፤ እናትም «ልጄ ወፍሯል» ብላ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ፊልተር ማለት ይህ ነው። ብቻ በዓመት አንዴ ነበር፤ ኮቱንም እንመልስ ነበር።

አሁን ኮቱን የሚመልስ የለም። ዲሲ ያለው ወንድም በረዶ ውስጥ ቆሞ፣ ከሰው መኪና ተደግፎ ይስቃል። አዲስ አበባ ያለው ታናሹ ያያል። ታላቁ ሌሊት መኪና ማቆሚያ እንደሚጠብቅ፣ ቀን ደግሞ ታክሲ እንደሚነዳ ፎቶው አይናገርም። ስለዚህ «ብሮ፣ ስልኬ ተሰበረ» የሚል መልእክት ይሄዳል። ታናሹም በተራው ቅዳሜ ማታ ቦሌ የተነሳውን ይለጥፋል፤ ጠረጴዛው ጥብስ ሞልቷል፤ ጓደኞች ተቃቅፈዋል። ሒሳቡን ማን እንደከፈለ ፎቶው አይናገርም። ታላቁ በእረፍት ሰዓቱ አይቶ፣ «እኔ እዚህ ብርድ ይገድለኛል፣ እነሱ እዚያ ይጨፍራሉ» ብሎ ይተክዛል። ሁለት ወንድማማቾች፣ ከአንድ ማኅፀን የወጡ፣ በሁለት አህጉር ተቀምጠው አንዱ በሌላው ይቀናል፤ የሚቀኑበት ኑሮ ደግሞ ሁለቱም ጋ የለም። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ሰው ራሱን የሚመዝነው ከሌላው ጋር እያነጻጸረ መሆኑን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ፌስቲንገር ያኔ የሚያውቀው ሰው የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ጋር ነበር። ጎረቤት ደግሞ አጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጭቅጭቁም፣ ብድሩም፣ የተቀደደው የልጁ ሱሪም ይታያል።

ስድቡን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ትዝብት ነው። ሚኒባስ ታክሲ ደጃፍ ላይ የምናየውን ሰው አስቡት። «ይግቡ።» «ኧረ በእግዜር፣ እርስዎ ይቅደሙ።» «አይሆንም፣ ይቅደሙ እንጂ።» ረዳቱ እስኪቆጣ ድረስ ይግደረደራሉ። ይኸው ሰው ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት ስሙ ይለወጣል። «ፍቅር ያሸንፋል» ይባላል፤ ፎቶው የጽጌረዳ አበባ ነው። ቀጥሎ የማያውቀውን ሰው፣ ከእናቱ ጀምሮ እስከ ብሔሩ፣ ሳይተነፍስ ያወርድበታል። መውረጃው ሲደርስ ስልኩን ኪሱ ይከትና ለአሮጊቷ ዘንቢል ተሸክሞ ያወርድላቸዋል።

የትኛው ነው እውነተኛው ሰውዬ? ሁለቱም ናቸው ባይ ነኝ። ታክሲ ውስጥ ያለው የሰው ፊት ያያል። ሰፈር ውስጥማ ከፊትም በላይ ነው፤ ዛሬ የምትሰድበው ሰው ነገ ቀብርህ ላይ አንዱን ጎን የሚይዝ ነው። ስለዚህ ስድቡን ትመጥናለህ፤ ስትጣላም ለዕርቅ የምትመለስበትን ቀዳዳ ትተህ ነው። ፌስቡክ ላይ ማንም ማንንም አይቀብርም። የድሮው ሰፈር ዓይኑ ክፉ ነበር፤ ያያል፣ ያማል፣ ይፈርዳል፤ ግን ትከሻም ነበረው። አዲሱ ሰፈር ዓይኑን ብቻ አብዝቶ ሰጠን።

ክፋት ብቻ ነው ያልኩ መስሎ እንዳይታይ ኢሞን ልጥቀስ። ልጇ ቤይሩት ያለች እናት፣ ድሮ በወር አንዴ ቴሌ ተሰልፋ የምትጠብቀውን ድምፅ፣ ዛሬ ጓዳዋ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማለች፤ ፊቷንም ታያለች። በእርግጥ እናት ስልኩን እንደ ድሮው ጆሮዋ ላይ ስለምትለጥፈው ልጅ የምታየው የእናቷን ጆሮ ነው። «እማዬ ፊት ለፊት ያዥው» ትላለች። ለትንሽ ጊዜ ግንባሯ ይታያል፤ ከዚያ ጣሪያው። ልጅቷ የቤቷን ጣሪያ ቆርቆሮ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የሚያፈሰውን ቀዳዳ አይታ ማስጠገኛ የላከች አንዲት አውቃለሁ።

የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕም ጥቅም አለው፤ ቢያንስ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ይታወቃል። ጉዳቱ አጎቶች ናቸው። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ በተገኘ ሰሞን ከሐኪሞቹ ቀድመው መድኃኒቱን ያገኙት እነሱ ነበሩ፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ። ነጋዴው በማግሥቱ ዋጋውን ሰቀለው። በዓል ሲመጣ ደግሞ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ማንም እንደገና አይጽፈውም። ባለፈው ፋሲካ አጎቴ «እኔና መላው የክሊኒካችን ሠራተኞች መልካም በዓል እንመኛለን፤ የጥርስ እጥበት በቅናሽ እንሰጣለን» የሚል ላኩልን። አጎቴ የቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው። ሃያ ሰው «አሜን፣ ከእርስዎ ጋር» ብሎ መለሰ።

ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሲደርስ ፍርዴ ይከፈላል። ባትል የሚሉትን ሳታዩ አልቀራችሁም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቀርቡና «ታፕ ታፕ አድርጉ፣ ሼር አድርጉ፣ አታስበሉኝ!» እያሉ በደቂቃዎች ውስጥ ስጦታ ይሰበስባሉ። ጽጌረዳዋ አንድ ሳንቲም ናት፤ አንበሳው ወደ ሠላሳ ሺህ ሳንቲም ይጠጋል፤ ይህም በእውነተኛ ገንዘብ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከእሱ ላይ ኩባንያው ድርሻውን ያነሳል። መጀመሪያ ሳየው «ይህን ገንዘብ የሚበትን ሞኝ ማን ነው?» ብዬ ነበር። በኋላ ስሞቹን ማንበብ ጀመርኩ። ብዙዎቹ በስደት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከዴንቨር። ቀኑን ሙሉ ስሟን በትክክል የሚጠራት ሰው የሌለ የቤት ሠራተኛ እኩለ ሌሊት ላይ ጽጌረዳ ትልካለች፤ ወዲያው አንድ ሰው በአማርኛ፣ በስሟ፣ «የኔ ንግሥት፣ ኑሪልኝ!» ይላታል። ውድ ነው፤ ብልጣ ብልጦቹም ይህን ናፍቆት ያልቡታል። እሷን ግን ሞኝ ለማለት አፌን አልከፍትም። በነፃ የሚጠራት ብናገኝላት ኖሮ ሳንቲሟን አትበትንም ነበር።

«እንግዲያው ዝጉት!» የሚል ሰው በየቡና ቤቱ አይጠፋም። ተዘግቶ አይተነዋል እኮ። የካቲት 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አገሩ በተወጠረበት ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ ገደቡ እስከ ሐምሌ ዘለቀ። ሰው መጽሐፍ ያነበበ፣ ዘመድ የጠየቀ ይመስላችኋል? በሳምንት ውስጥ አገሩ በሙሉ ቪፒኤን ተማረ። ስልክ መክፈት የማያውቁ እናቶች «ሰርቨር ቀይርልኝ» ማለት ቻሉ። የሰፈሬ ባለ ሱቅ ቀን ሆላንድ ይውላል፣ ማታ ጃፓን ያድራል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው በማይገባው ቋንቋ የበረዶ ጫማ ግዛ ይለዋል። ባትሪ ቶሎ አለቀ፤ ጥቅል ቶሎ አለቀ። ሲከፈት ግን ማንም ከቪፒኤኑ አልተላቀቀም፤ «ለክፉ ቀን» ብሎ አስቀመጠው።

አሜሪካኖቹ ይህንኑ ነገር በገንዘብ ሞክረውታል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ከአገሪቱ ምርጫ በፊት ለሰዎች እየከፈሉ ለአራት ሳምንት ፌስቡካቸውን እንዲዘጉ አደረጉ፤ ክፍያው ለአንድ ሰው መቶ ዶላር አካባቢ ነበር። ውጤቱ ማንንም ወገን ሙሉ በሙሉ አያስፈነድቅም። የዘጉት ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ያህል ተርፏቸዋል፤ ከፊሉን ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር አሳልፈውታል፤ ከፊሉን ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው። ደስታቸው ጨምሯል፤ ግን በጥቂቱ። የፖለቲካ ጽንፋቸው ለዘብ ብሏል፤ የዕለት ዜና እውቀታቸውም ቀንሷል። ጊዜው ካለቀ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ቀድሞው ልክ አልተመለሱም።

እኔ «በጥቂቱ» የምትለዋን ወድጃታለሁ። ስልክ ትውልዱን ፈጀው ለሚሉት ሽማግሌዎች አትበቃም፤ ምንም አላደረገንም ለሚሉት ወጣቶችም አትመችም። ደግሞ እነዚያ ሰዎች ወደውና ተከፍሏቸው ነው የዘጉት። እኛ ሳንጠየቅ ተዘጋብን፤ የተረፈን ሰዓትም ሰርቨር ስንቀያይር አለቀ።

አንድ ወዳጄ የፌስቡክ ጓደኞቹ ሞልተውበታል። ፌስቡክ ከ5,000 በላይ ጓደኛ አይፈቅድም፤ ወዳጄ ይህን የሚናገረው ቤቱ ለእንግዳ እንደጠበበበት ሰው ነው። ሮቢን ደንባር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ አንድ ሰው በቅጡ ሊይዘው የሚችለው ትውውቅ 150 ገደማ ነው ይላል። ይህን ብነግረው «ደንባር ጓደኛ የለውም ማለት ነው» አለኝ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ 1185/2012 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱን እንደሚያከብድበት ብነግረው ትንሽ ደንገጥ አለና፣ ወዲያው ደግሞ ኮራ፤ መንግሥትም ይቆጥራል ማለት ነው።

ያ ወዳጄ ባለፈው ክረምት ቤት ቀየረ። ዋዜማውን «ነገ ዕቃ ላወጣ ነው፣ የምትችሉ ብቅ በሉ» ብሎ ለጠፈ። ላይኩ ዘነበ። «ኮንግራ!» «ገና ቪላ ትገባለህ!» «አሜን በሉ!» ልብ፣ ጭብጨባ፣ እሳት። በማግሥቱ ዝናብ ነበር። የመጣነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ እኔ፣ ሌላው ጥግ ላይ ጫማ የሚጠግኑት ሽማግሌ። ሽማግሌው ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፤ ፌስቡክ የላቸውም። ሶፋውን ከሦስተኛ ፎቅ ያወረድነው ለሦስት ነው፤ በየፎቁ እያረፍን። መጨረሻው ደረጃ ላይ ወዳጄ ሶፋውን አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። ይደውላል ብዬ ነበር። ሶፋውን ፎቶ አነሳው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከመካከላችሁ ልደቱን ያለፍኩበት፣ የልጁን ምርቃት ላይክ ያላደረግኩለት፣ ጽፎልኝ «ሲን» አድርጌ የጠፋሁበት ሰው ካለ ኮሜንት ላይ አይውቀሰኝ፤ አላየውም። ይደውልልኝና ይስደበኝ። ቁጥሬ የድሮው ነው። ቤት የምትቀይሩም ከሆነ ደውሉ፤ ቁምሳጥን ቢሆን፣ አልጋ ቢሆን እሸከማለሁ። ፍሪጅ ግን አላነሳም፤ ወገቤን ያመኛል።